ለልጄ፣ ስለ ሙቅ ውኃው ታንከር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እናትሽ ቡና ባፈላች ቁጥር ስምሽን ታነሳለች።

በቢራ ፋብሪካችሁ የሙቅ ውኃው ታንከር ምርመራ «ስቴንለስ ነው፣ ምን ይሆናል?» ተብሎ መዘለሉን ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል። ስቴንለስ ሳይዝግም ይሰነጠቃል። በየቦታው ያለው 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ክሮሚየሙ ለብረቱ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጅለታል፤ ክሎራይድ ደግሞ ያንን ሽፋን ይበሳዋል። ብረቱ ተወጥሮ ከቆየ፣ ከቀዳዳዋ የሚነሳው ስንጥቅ እንደ ዛፍ ሥር እየተከፈለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ውጥረቱ ከከባድ ጭነት ብቻ አይመጣም፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ በብረቱ ውስጥ የሚቀረውም ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1985 በስዊዘርላንድ፣ ኡስተር ከተማ፣ የመዋኛ አዳራሽ የኮንክሪት ኮርኒስ ወድቆ 12 ሰው ሞተ። ሕንፃው ገና 13 ዓመቱ ነበር። ኮርኒሱን ያንጠለጠሉት የስቴንለስ ዘንጎች ከገንዳው በሚነሳው የክሎሪን እንፋሎት ተሰነጣጥቀው ነበር። የሚገርመው፣ ብዙ መሐንዲስ ይህ ጉዳት ከ60 ዲግሪ በታች አያሰጋም ብሎ ያምን ነበር፤ የመዋኛ አዳራሽ ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። የእናንተ ታንከር ከዚያ እጅግ ይሞቃል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የውጪው ግድግዳ ነው። የወለል እጥበትና የዝናብ ውኃ ከሙቀት መከላከያው ልባስ ሥር ይሰርጋል፤ ትኩሱ ብረት ውኃውን ያተነዋል፣ ጨው ይቀራል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ንጹሕ የሚባል የቧንቧ ውኃ እንኳ ይበቃል። ከላይ የምታዪው የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ስለ ውስጡ ምንም አይነግርሽም።

ስለዚህ ታንከሩ ባዶ በሆነበት ቀን ልባሱን በቧንቧ መግቢያዎችና በታችኛው ብየዳ ዙሪያ አስገፍፊ። ብረቱን አጽድተሽ ቀዩን የመመርመሪያ ቀለም ቀቢ፣ ጥቂት ጠብቀሽ ጥረጊውና ነጩን ማሳያ ዱቄት ርጪበት፤ ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ካገኘሽ «በላዩ በይጂው» የሚልሽን አትስሚ፤ ሙቀቱ ስንጥቁን ያስረዝመዋል። ታንከሩን መቀየር ካስፈለገ ነጋዴው 316 የሚባለውን ስቴንለስ ያቀርብልሻል። ሞሊብዲነም ስላለበት በመጠኑ ይሻላል፣ ግን ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ገንዘቡ ከተገኘ ዱፕሌክስ የሚባለውን የስቴንለስ ዓይነት፣ 2205ን ጠይቂ።

አለቃሽ ቢቆጣም ይቆጣ። ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ፣ ልጄ፣ ውኃ ከሞላው ታንከር ሥር አትግቢ።

አባትሽ