ሞተሩ ተርቦ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ስትነዱ ቶሎ የምትማሩት ነገር አለ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የእናንተ አይደለም። ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው 72 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል።

ታናሽ ወንድሜ አሮጌ ቶዮታ ሴሊካ አለችው፤ ሁለት በር፣ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ ተርቦ የሌላት። ስትሠራ 140 ፈረስ ጉልበት ነበራት ይባላል። እኛ ከተማ ላይ ግን ሂሳቡን ብትሠሩት 100 ገደማ ነው የሚቀራት። ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሌላ መኪና ትሆናለች፤ ታች አየሩ ወፍራም ነው። ስንመለስ የጣርማበርን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። ጭነት የተሸከመ ባለተርቦ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋብን የወንድሜን ፊት ማየት ነው!

አምና እቁብ ደረሰው። ሌላው ሰው መሬት ይጠይቃል፣ እሱ ተርቦ። "300 ፈረስ ጉልበት አደርጋታለሁ" አለ። ሰፈራችን ያሉት መካኒክ ሰምተው ሳቁበት። "አንተ ልጅ፣ እሷ እኮ አሁንም ተርቦ ናት። አየር ተርባ! መጀመሪያ የራባትን አብላት፣ ስለ ጥጋቡ ኋላ እናወራለን።"

ቀልድ ቢመስልም ታሪኩ ከእሳቸው ጋር ነው። ተርቦ ስሙን ያስጠራው ከፍታ ላይ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ ይዞ ወጣ፤ 4,300 ሜትር። ታች 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ማለትም ሥራው የጠፋውን መመለስ ነበር፤ በሩጫ መኪና ላይ መፎከሩ በኋላ የመጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንድ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው ማራገቢያ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር ያልፋል። የወንድሜን 40 ፈረስ ለመመለስ 0.3 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይበቃል። ለ300 ግን ባሕር ዳር ሆና ከምታገኘው አየር ከእጥፍ በላይ ያስፈልጋታል። ከሳሳ አየር ያን ያህል ለመጭመቅ ተርቦው እዚህ ከአሰብ ይልቅ በብዙ መልፋት አለበት፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል።

ወጪው የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሰዎች የተርቦውን ዋጋ ጠይቀው ይጨርሳሉ፤ እሱ ግን መግቢያው ነው። የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር፣ ትልልቅ ኖዝሎች፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ የዘይት መስመር፣ ቤንዚኑን የሚመጥን የኮምፒውተር ማስተካከያ፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን ይከተላሉ። 300 ካላችሁ ፒስተኑም ይቀየራል። ከ1992 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የኬንያን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፉት ሴሊካዎች ባለተርቦ ነበሩ፤ ግን ሞተራቸው ገና ሲሠራ ለተርቦ የታሰበ ነው። የወንድሜ አይደለም። ግፊቱ ሲበዛ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ይቺ ከተቃጠለች ሌላ አስመጣለሁ ማለት የለም።

አንድ ማታ ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። "ጉልበቱን የምትፈልገው የት ነው?" አልኩት። "ዳገት ላይ" አለኝ፤ "ደግሞ አንኮበር ደርሼ ስመለስ።" ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ስትወርዱ ግን የሚያድናችሁ ተርቦ አይደለም፣ ፍሬን ነው። የእሷን ፍሬን ደግሞ ሁለታችንም እናውቀዋለን። 300 የሚለውን ሰርዞ 140 ብሎ ጻፈ። እጁ ትንሽ ቆየ እንጂ አልተከራከረም።

በእቁቡ ገንዘብ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑንና ራዲያተሩን አደሰ፤ የሞተሩን ኮምፕሬሽንም አስለካ። እነዚህ ተርቦ ኖረም አልኖረም ቀድመው የሚከፈሉ ዕዳዎች ናቸው። የቀረውን ለትንሽ ተርቦ አስቀምጧል፤ ለ0.3 ባር፣ ከዚያ ላትበልጥ። መካኒኩም "እሱን እገጥምልሃለሁ" ብለዋል። ሞተሩን ከፍተው ካዩት በኋላ።