ኦርኪድ ጥገኛ አይደለም፦ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል

የደብረ ብርሃን ሰዎች በውርጫቸው ቢኮሩ አይፈረድባቸውም፤ የሚኒሶታን ጥር አላዩምና። እዚህ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የመኪና ባትሪ ይሞታል፣ ትንፋሽ ሻርፕ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ሰው ሰላምታውን ያሳጥራል። እንዲህ ባለው ቀን ሴንት ፖል ውስጥ ወዳለው ኮሞ ፓርክ ጎራ ብሎ የመስታወት ቤቱን በር መክፈት ነው። መነጽርዎ ወዲያው በጉም ይሸፈናል፤ ጉሙ ሲገፈፍ ዘንባባው፣ ፈርኑ፣ ዝናብ የጠጣ አፈር የሚመስለው ሽታ ይቀበልዎታል።

ይህ የመስታወት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። መግቢያው በነፃ ሲሆን የፈቀደ በሣጥኑ ውስጥ ጥቂት ይጥላል። እኛ ስደተኞች አሜሪካ ውስጥ ነፃ ነገር አለ ሲሉን ስለማናምን ይመስለኛል፣ ብዙዎቻችን ከስኔሊንግ ጎዳና የአበሻ ምግብ ቤቶች እስከ ኮሞ ያለውን አጭር መንገድ ሳንሄደው ዓመታት አልፈዋል። የሚኒሶታ የኦርኪድ ማኅበር በክረምት ካርኒቫል ሰሞን ትርኢቱን ሲያሳይ የኖረው በዚሁ ቤት ነው። ካርኒቫሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1886 የተጀመረው፣ እንደሚተረከው፣ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ሴንት ፖልን ሰው የማይኖርባት ሳይቤሪያ ናት ብሎ ስለጻፈ በእልህ ነው። የቀድሞ ሙያችን አንዳንዴ ለበጎ ነገር ምክንያት እንደሚሆን ለማስታወስ ያህል ነው ይህን የምጠቅሰው።

ለወትሮው ኦርኪድ የባለጸጋ አበባ ይመስለኝ ነበር። አስተያየቴን ያስለወጡኝ እዚያ ትርኢት ላይ የተዋወቅኳቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ በሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እየቆረጡ ልጆች አስተምረዋል። ዛሬ በጡረታ ላይ ሆነው በሰባተኛ ፎቅ አፓርታማቸው 19 ኦርኪዶች ያሳድጋሉ።

ከሃያ ዓመት በላይ ግን እቤታቸው አንዲት ቅጠል አልነበረችም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ዘንድሮ አይቀርም፣ እንገባለን ስንል ማን አበባ ይተክላል? የተከልኩ ዕለት አገሬን የሸጥኩ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። ይህን አባባል ለማያውቅ ስደተኛ ማስረዳት አያሻም። ሶፋው ከነፕላስቲኩ አሥራ አምስት ዓመት የኖረበትን ቤት፣ ግድግዳው ላይ ምስማር እንኳ ያልተመታበትን ሳሎን ሁላችንም እናውቃለን።

የመጀመሪያዋን ኦርኪድ ያገኙት ከቆሻሻ ቅርጫት ነው። የእናቶች ቀን ባለፈ በሁለተኛው ወር አንዱ ደንበኛ አበባዋ ስለረገፈ የሞተች መስሎት ጣላት። ቅጠሏ አረንጓዴ ነበረና ጋሼ አንስተው የትኬት ክፍሉ መስኮት ላይ አኖሯት። በአሥረኛው ወር አበበች። አበባዋም ሦስት ወር ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ቆየ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሳ። በአማርኛችን «ጥገኛ» ሁለት ሥራ ይሠራል። ለኢሚግሬሽን የምናስገባው ማመልከቻ «የጥገኝነት ጥያቄ» ይባላል፤ የሆድ ትሉም «ጥገኛ ተውሳክ» ነው። ቃሉን እንዲህ ያዳበለው ሰው ስደተኛ የነበረ አይመስለኝም። በዛፍ ላይ የሚኖረውን ኦርኪድም ሰው ሲያየው ያው ተቀጥላ ነው፣ የዛፉን ደም የሚመጥ ነው ይላል። ስህተት ነው። ተቀጥላ ሥሩን ወደ ዛፉ ሥጋ ሰድዶ ይጠጣል። ኦርኪድ ግን ከዛፉ የሚወስደው መቆሚያ ብቻ ነው። ሥሩ ቅርፊቱን ያቅፋል እንጂ አይበሳውም። በሥሩ ላይ እንደ ስፖንጅ ያለ ነጭ ሽፋን ስላለው ከዝናብና ከጉም ይጠጣል፤ ከተጠራቀመ አቧራና ከበሰበሰ ቅጠል ጥቂት ማዕድን ይለቅማል፤ ምግቡን በራሱ ቅጠል ከፀሐይ ያበስላል። ጋሼ ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸው ከፍ ይላል። «የቆምንበትን ኪራይ ከፍለን ነው የኖርነው» ይላሉ፤ ስለ አበባው ይሁን ስለ መኪና ማቆሚያው አልጠየቅኳቸውም።

እውነቱን ለመናገር ግን ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ እንደ ባቄላ ወይም እንደ በቆሎ በውስጡ ስንቅ የለውም። ነፋስ ወስዶ በጣለው ቦታ የሚስማማውን ሻጋታ ካላገኘና ያ ሻጋታ ካልመገበው አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ1922 ሉዊስ ክኑድሰን የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ዘሩን ስኳር ባለው ምግብ ላይ ያለ ሻጋታው ማብቀል እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት የረከሰው ከዚያ በተነሣ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ዋነኞቹ አምራቾች ታይዋንና ኔዘርላንድስ ናቸው። የእኛ አገር ጽጌረዳ ወደ ኔዘርላንድስ እየተጫነ፣ የእነሱ ኦርኪድ ዓለምን ይዞራል፤ ትርፉ በማን ኪስ እንደሚቀር ለአንባቢ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ አያያዙ። እንደ ጋሼ አነጋገር በአበሻ ቤት ኦርኪድን የሚገድለው ፍቅር ነው። እንግዳን «በሞቴ» እያልን እንደምናጨናንቅ ሁሉ ውኃውን በየቀኑ እናፈስበታለን፤ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። ፋሌኖፕሲስ በጥቁር አፈር አይተከልም፤ ማሰሮው የተፈረካከሰ የዛፍ ቅርፊት ይሞላበታል። ማሰሮው ብርሃን የሚያሳይ ፕላስቲክ ቢሆን ደግ ነው፤ ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል፣ ወደ ብርማነት ከተለወጠ ጠምቶታል። ባብዛኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ሻጮቹ በሳምንት ሦስት በረዶ ጣሉበት ይላሉ፤ ተመራማሪዎችም ሞክረው ጉዳት አላየንም ብለዋል። ጋሼ ግን «ከበረዶ ሸሽተን ቤት የገባን ሰዎች ደግሞ በረዶ እናብላው?» ብለው አይቀበሉም። እሳቸው የሚያደርጉት ንጹሕ በረዶ በባልዲ አስገብተው፣ አቅልጠው፣ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አሳድረው ማጠጣት ነው። እንደ ዝናብ ውኃ ኖራ ስለሌለበት ይስማማዋል።

መስኮቱ የምሥራቅ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ቅጠሉ መስታወቱን እንዳይነካ፣ ማሰሮው ከማሞቂያው በላይ እንዳይሆን። የማሞቂያው አየር እንደ አፋር ነፋስ ደረቅ ስለሆነ በሰፊ ሳህን ጠጠር ደርድሮ ውኃ ጨምሮ ማሰሮውን ከጠጠሩ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። በመኸር ወራት ለጥቂት ሳምንታት ሌሊቱ ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወርድለት የአበባ ዘንግ ያወጣል። እምቡጥ ከያዘ በኋላ ደግሞ ሙዝ ከአጠገቡ አይቀመጥ፤ ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ እምቡጡን ያራግፈዋል። ጭስም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ ኦርኪዱ ወደ መኝታ ቤት ይሸሻል፤ በጋሼ ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ 19 ማሰሮ ሲጓዝ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው።

አንድ የጥር ሌሊት የሕንጻቸው ማሞቂያ ተበላሸ። ጠጋኝ እስኪመጣ ሊነጋ ሆነ። ጋሼ ማሰሮዎቹን ከመስኮት አንስተው መስኮት በሌለው ኮሪደር አሰለፏቸው፤ ከወሎ የተላከላቸውን ጋቢ አለበሷቸው፤ ራሳቸው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወንበር ላይ አደሩ። ከ19ኙ ሁለቱ ሞቱ። ልጃቸው በማግስቱ ስትቆጣቸው «ለጋቢው ሌላ ሥራ አልነበረውም» ብለው መለሱላት።

ከሁሉ የሚሳሱላት ግን ፋሌኖፕሲስ አይደለችም። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ትባላለች፤ በኢትዮጵያና ከእኛ በደቡብ ባሉ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ደጋ ደን ውስጥ በዛፍ ግንድ ላይ የምትበቅል ናት። ነጭ ኮከብ ትመስላለች፤ ከኋላዋ ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ቀጭን ቱቦ እንደ ጭራ ተንጠልጥሏል። ማሩ ያለው ከቱቦው ግርጌ ነው፤ እሱን የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ብቻ ስለሆነ ቀን አትሸትም፤ ሲመሽ ቤቱን ታውደዋለች። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 የማዳጋስካርን ዘመዷን አይቶ እንዲህ ያለ ምላስ ያለው የእሳት ራት መኖር አለበት ሲል ተንብዮ፣ ነፍሳቱ ተገኝቶ የተገለጸው እሱ ከሞተ በኋላ በ1903 ነው።

ጋሼ ይህችን ከዘር አብቅሎ ከሚሸጥ አሜሪካዊ ገዟት። ከአገር ቤት በሻንጣ ማምጣት የሚያምረው ካለ ይተወው። ኦርኪድ በጠቅላላ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የተጠበቀ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል ናት። ፈቃድ የሌለው ተክል ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል፤ በርበሬውም አብሮ ይበረበራል።

እኔ በበኩሌ አገሬ ኦርኪድ እንዳላት ያወቅኩት በስደት ነው፤ ለዚህም ባለውለታዬ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ነው። ከ150 በላይ ዓይነቶች አሉን። ስንት ዓመት በጋዜጣ ላይ ስለ ጫካ ስንጽፍ ስለ ሽፍታ ብቻ ነበር የምንጽፈው።

ባለፈው መስከረም ኤራንጊሷ አበበች። ጋሼ ጎረቤቱን ሁሉ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጠሩ፤ ለሽታው ሲሉ ዕጣን አልተጨሰም። ከተጠሩት መካከል በልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ፣ አጋሮ አካባቢ ያደጉ አንዲት እናት ነበሩ። ከበሩ ገና ሳይገቡ ቆሙ። «ይሄማ የኛ ዛፍ ላይ ነበር። ቡና ስንለቅም ሲመሽ ይሸታል» አሉ። ቀርበው አዩት፤ ተክሉ በሽቦ የታሰረበትን ቁራጭ ቅርፊት በጣታቸው ዳሰሱና «ዋንዛው የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼም እኔም መልስ አልነበረንም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ደኖች ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ደኑ እየተቆራረጠ ሲሄድና ለቡና ተብሎ ትልልቁ ዛፍ ሲመነጠር በዛፍ ላይ የሚኖሩት ኦርኪዶች ዓይነታቸው እየተመናመነ እንደሆነ አሳይተዋል። ካፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ይህ መልካም ነው። ገበሬው ግን ልጁን የሚያስተምረው በቡናው ነው፤ ከሚኒያፖሊስ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ በእሱ መፍረድ ቀላል ነው።

ለአዲስ መጤዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሚኒሶታም የራሷ ከ40 በላይ ኦርኪዶች አሏት። የግዛቲቱ አበባ ሮዝና ነጭ የሆነው «የእመቤት ነጠላ ጫማ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ሲመርጡ እዚህ የማይበቅል ዘመዱን መርጠው ኖሮ በ1902 አረሙት። ከ1925 ጀምሮ መቅጠፉ በሕግ የተከለከለ ነው። የመጀመሪያ አበባውን ለማውጣት እስከ 16 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ የዜግነት ወረፋ ረዘመብኝ የሚል ይህን ይስማ። በመስኮት አያድግም፤ ክረምቱን ከመሬት በታች በበረዶ ሥር ተኝቶ ማሳለፍ አለበት። በሰኔ አጋማሽ ግድም፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሚኒያፖሊስ በሚገኘው ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ፣ ኤሎይስ በትለር የተባሉ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1907 ባቋቋሙት የዱር አበባ ሥፍራ ያብባል። ይህም በነፃ ነው። ጋሼና እኚያ እናት ዘንድሮ አብረን እንሂድ ተባብለዋል፤ መኪናዬ ሁለት ባዶ ወንበር አላት።