የነሐሴ ፍልጥ

ፈረንጅ «ሰመር» ሲል የሚታየው ፀሐይና የባህር ዳርቻ ነው። የኛ ነሐሴ ዝናብ፣ ጭቃና ያልደረቀ ካልሲ ነው። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜና እሁድን ከጓደኛ ጋር ማሳለፍ የሚያምረኝ በዚሁ ወር፣ ያውም ሆሳዕና ነው። «ሆሳዕና በነሐሴ ምን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። እንጨት አለ።

የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ የሚውለው በመስከረም፣ ከመስቀል ጋር ነው፤ ጣጣው ግን ክረምቱን ሙሉ ነው። ሴቶቹ በቅቤ ዕቁብ ያጠራቅማሉ፣ እንሰት ይፍቃሉ፣ ቡላ ያወጣሉ። ወንዶቹ ለሰንጋው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ አጥር ያድሳሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ። እንጨቱ ቀደም ብሎ ካልተፈለጠ አይደርቅም፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ የዋዜማውን አታካና ጭስ ጭስ ያሰኘዋል። አታካና ማለት ቡላ ከወተትና ከቅቤ ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ምግብ ነው። አንዴ ከቀመሳችሁት፣ አጠገባችሁ ተቀምጦ ስለ ኮሌስትሮል የሚያወራ ሰው ጠላታችሁ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ሦስት ሆነን በቡታጅራና በወራቤ አድርገን ወረድን። ከተማዋ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ሕንፃው በዝቷል፣ ባጃጁማ አይነሳ። እኛ የሄድነው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የአራተኛው ጓደኛችን እናት ዘንድ ነበር። እሱ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ 11 ዓመቱ ነው።

በደንቡ ለአረጋውያንና ለብቸኛ እናቶች የሚፈልጡት የመንደሩ ጎረምሶች ናቸው። ፈልጠው፣ ከምረው፣ ተመርቀው ይሄዳሉ። ከሀዲያና ከከምባታ ግን ስንቱ ጎረምሳ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጦ ወደ ደቡብ ነጉዷል! መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢኳ ቴቴ 64 ሰዎች ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው። የደረሰው ሱቅ ይከፍታል፣ ብር ይልካል፣ ቤት ያሠራል። ጓደኛችንም አሠርቷል፤ ባለ አራት ክፍል፣ መስኮቱ መስታወት። እናቱ የሚያድሩት ግን ጎጆው ውስጥ ነው።

«እማማ፣ ለምን እዚያ አይገቡም?» አልኳቸው።

«ብሎኬት አይሞቅም ልጄ። ደግሞስ እሱ ሳይገባበት?»

ቅዳሜ ጠዋት ፋስና ሽብልቅ ይዘን ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። ሦስት የቢሮ ሰዎች ባህር ዛፍ ሲፈልጡ ማየት ለጎረቤት ልጆች ነፃ ሲኒማ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ጎጆው ውስጥ ገብተን ቆጮ በጎመን እንበላለን፤ ሲያባራ እንወጣለን። በሰዓታት መካከል ስንት ዓመት ያላወራነውን አወራን። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ስንገናኝ ሁላችንም ስልካችንን ነው የምናየው፤ ፋስ የያዘ እጅ ግን ስልክ አይነካም።

አመሻሽ ላይ እሱ በቪዲዮ ደወለ፤ ከሱቁ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ። ክምሩን አሳየነው። ሳቀብን። ከዚያ ጥግ ላይ የቀረውን ቋጠሯም ግንድ አየና «እሱን ተዉት፤ እኔ መጥቼ እፈልጠዋለሁ» አለ። እናቱ ሰሙት። ማናችንም መቼ ብለን አልጠየቅነውም።

እሁድ በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ሄድን። መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሐምበሪቾን ተራራ ለመውጣት 777 ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ፋስ ሲያነሳ ለዋለ ትከሻ ችግር የለውም፣ ለጉልበት ግን ሌላ ነገር ነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉም ሁሉንም ሸፍኖት ነበር። ከምባታን ለማየት ወጥተን የተያየነው እርስ በርስ ነው። እዚያው ዝናብ አገኘን፣ ተሳስቀን ወረድን፣ ዱራሜ ቡና ጠጣን።

ቡናው ሳያልቅ እማማ ደወሉ። በሰላም መግባታችንን ጠይቀው፣ «ያቺን ግንድ ከዝናቡ ወደ ጓዳ አስገባኋት» አሉን።