ምች አያሳፍርም፤ አልማዝ ባለጭራስ ለምን ያሳፍራል?

ስማዳ፣ ወገዳ የሚኖሩት አክስቴ ግንባራቸውን ማቃጠል የጀመራቸው ሰኞ ቀን ነው። ረቡዕ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በአንድ ጎን እስከ ዐይናቸው ወረደ። ልጃቸው የደወለልኝ ግን በሳምንቱ ነበር። «ምን ሆነው ነው?» ስለው ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ «አልማዝ ባለጭራ ነው መሰለኝ። ለሰው እንዳትናገር ብላኛለች።»

ለምን እንደደበቁት ወዲያው ገባኝ። ኤችአይቪ ሰው በሚጨርስበት ዘመን አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሁሉ «እሱም ያዘው» ይባል ነበር። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ፣ አንዲት ጎረቤታችን ላይ ሲወጣ ቤታቸው ቡና መጠጣት አቁሜያለሁ። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ይህ በሽታ በወጣትነትም ይወጣል። ግን እርጅናም መከላከያን ያዳክማል። አክስቴ ስድሳ አምስት አልፏቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ስንድን ከሰውነታችን አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ይተኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲነቃ አንዱን ነርቭ ይዞ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ጭራ የሚሳበው ለዚህ ነው። ቫይረሱ የሄርፐስ ቤተሰብ ነው፤ ሰውን የሚይዙት የዚህ ቤተሰብ አባላት ስምንት ናቸው። አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ትኩሳት ሲይዘን ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ «ምች መታኝ» የምንልበት። ለምች ጎረቤት ዳማከሴ ቆርጦ ይዞልን ይመጣል፤ ማንም አያፍርም። ለዘመዱ ግን በር እንዘጋለን።

አልማዝ ባለጭራ ጊዜ አይሰጥም። አሳይክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ዐይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። አክስቴ ደብረ ታቦር የደረሱት ሽፍታው በወጣ በአሥረኛው ቀን ነው። ሰባቱን ቀን የወሰደው ሐፍረት ነው። የቀረውን የወሰደው መንገድ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በእኛ አገር መንገድ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ የለም።

ኤችአይቪ ተመረመሩ፤ የለባቸውም። ቢኖርባቸውስ? መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ስንቱ ጀምሮት ልጅ አሳድጎ፣ ድሮ የቀረ ፍርሃት ግን አክስቴን ቤት ዘግቶ አስቀመጣቸው። ዛሬ ግራ ዐይናቸው በደንብ አያይም። ቁስሉ ደርቆም ሕመሙ አልለቀቃቸውም፤ ነጠላ ግንባራቸውን ሲነካው ያማቸዋል።

መንገዱን መክፈት በእኔም በእናንተም እጅ አይደለም። ሰባቱ ቀን ግን በእጃችን ነበር። አገር ቤት ስትደውሉ ለእናት ለአባቶቻችሁ ይህን ብቻ ንገሯቸው፦ በአንድ ጎን የሚያቃጥልና ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ ከወጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ስሙንም ጮክ ብላችሁ ጥሩት።