ከባሕር ሥር የቆሙት ልጆች

ከመካከላችሁ ባሕር ያየ ጥቂት ነው። ቢሆንም ዛሬ ወደ ባሕር ሥር ልውሰዳችሁ።

በካሪቢያን ባሕር ግሬናዳ የምትባል ትንሽ አገር አለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ቤቱንም ኮራሉንም አወደመባት። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። (ዩኒቨርሲቲ ሳላቋርጥ የተማርኩት ባዮሎጂ ስለሆነ ትንሽ ብዘረዝር ታገሱኝ።) እጩ በውሃ ተንሳፎ ይሄድና የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር ካጣ ይሞታል፤ አሸዋ አይሆነውም።

በ2006 ጄሰን ዲኬርስ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ቀራፂ እዚያው ባሕር ወለል ላይ የሲሚንቶ ሐውልቶች ማቆም ጀመረ። ኮራሉ መጣበቂያ እንዲያገኝ፣ ጠላቂ ጎብኚዎችም የተረፈውን እንዳይረግጡ ብሎ ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ በአገሬው ልጆች አምሳል የተሠሩት 26 ሐውልቶች ናቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠርተው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ቆመዋል። ብዙ ሰው ሲያያቸው ከባሪያ መርከብ የተወረወሩትን አፍሪካውያን አስታወሰ። ቀራፂው ያንን አላሰብኩም ብሏል፤ እኔ ግን ያስታወሱትን አልወቅስም።

ውሎ አድሮ ኮራልና ስፖንጅ ፊታቸውን ሸፈነው። ይህን በክፍል ስናገር አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ታዲያ የማን ልጆች እንደነበሩ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። እናንተስ ምን ትሏታላችሁ? ጽፋችሁ አምጡልኝ።