በሚላኖ ከብስክሌት ሠሪው ዘንድ

ከሚላኖ ወደ ሰሜን ተጕዞ የኮሞን ሐይቅ የደረሰ መንገደኛ፥ ከቤላጆ ከተማ ጀምሮ ዳገቱን ቢወጣ፥ ከባሕር ወለል በላይ 754 ሜትር ላይ ማዶና ዴል ጊዛሎ የምትባል ትንሽ የካቶሊካውያን ቤተ ጸሎት ያገኛል። በ1949 (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ የስፍራዋን እመቤት የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው ሰይመዋታል። ስለዚህ በግድግዳዋ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ብቻ አይደለም፤ የፋውስቶ ኮፒ፥ የጂኖ ባርታሊና የኤዲ መርክስ ብስክሌቶችም ናቸው እንጂ። የኮሞው ተወላጅ ፋቢዮ ካዛርቴሊ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቶ፥ በ1995 በፈረንሳይ ዙር ውድድር በፒሬኔ ተራሮች ቍልቍለት ላይ ወድቆ ሲሞት የተቀመጠበት ብስክሌት፥ እንደ ተጎዳ በዚያው ይታያል።

ወደዚያ የወሰዱን በሚላኖ 30 ዓመት የኖሩ አንድ ወዳጃችን ናቸው። የሚኖሩት የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ በበዛበት በፖርታ ቬኔዝያ ሰፈር ሲሆን፥ በጋም ክረምትም ወደ ሥራቸው የሚሄዱት በብስክሌት ነው። ዕድሜያቸው 58 ደርሷል፤ ወገባቸውም እንደ ቀድሞው አይደለም። በልካቸው፥ በእጅ የተሠራ የብረት ብስክሌት ለማሠራት ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቈይተው፥ እነሆ ቀኑ ደርሶ ነበር። በቤተ ጸሎቷ ውስጥ ከኮፒ ብስክሌት ፊት ረዥም ጊዜ ቆመው፥ «እንዲህ ያለ ነው የምፈልገው» አሉን። መቀመጫው ከፍ፥ እጀታው ዝቅ ያለ ነው፤ ተቀምጦበት የነበረው ሰው ግን ወጣት እንደ ነበረ ልብ እንላለን።

በማግሥቱ እርሳቸውንና የ15 ዓመት ልጃቸውን ተከትለን በከተማው ዳርቻ ወዳለው የብስክሌት ሠሪ ዘንድ ሄድን። ሠሪው ሽማግሌ ናቸው። በሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ኮፒ በ1942፥ በጦርነቱ መካከል፥ በአንድ ሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ከ798 ሜትር የጋለበበት የቪጎሬሊ ሜዳ ፎቶግራፍ አለ። በማእዘኑ የቆሙት ቱቦዎች አንጀሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በ1919 በሚላኖ ካቋቋመው ከኮሎምቡስ ፋብሪካ የመጡ ናቸው። የውሃ ቧንቧ የሚመስሉት ሰው ይሳሳታል፤ ይህን ዓይነቱ ቱቦ ከጫፉና ከጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር ሲወፍር መካከሉ 0.6 ብቻ ነው። ሙቀቱም ጭነቱም የሚበረታው በመጋጠሚያው ላይ ስለ ሆነ ብረቱ በዚያ ይወፍራል፥ በቀረው ስፍራ ደግሞ ክብደት ይቀነሳል።

ሽማግሌው ቀለም የሚያሳየውን ወረቀት ገና ሳያወጡ፥ ወዳጃችንን ጫማ አስወልቀው ለኩ፤ እግር፥ ደረት፥ ክንድ፥ ትከሻ። ቀጥለውም በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጋልቡ፥ የሚያማቸውም የትኛው ስፍራ እንደ ሆነ ጠየቁ። «መቀመጫው ይለወጣል፤ ማኑብሪዮውም፥ ቸርኬውም ይለወጣል። አንዴ ከተበየደ በኋላ የማይለወጠው የቱቦው ርዝመትና ማእዘን ነው። ሰዎች ግን ጊዜያቸውን ሁሉ የሚፈጁት በቀለሙ ላይ ነው» አሉ። (ማኑብሪዮ፥ ቸርኬ፥ ፍሬን ስንል የነርሱኑ ቋንቋ እንደምንናገር እዚያ ቆመን አስተዋልን።)

ስለዚህ ነገሩ ከማኑብሪዮው በታች ባለችው አጭር ቱቦ ላይ መጣ። ወዳጃችን እንደ ኮፒ አጭር ትሁን አሉ፤ ሠሪው ሦስት ሳንቲ ሜትር ትርዘም አሉ። ከረዘመች እጀታው ከፍ ይላል፥ ወገብ ያርፋል፥ መልኩ ግን የውድድር ብስክሌት መልክ አይሆንም። ወዳጃችን ዝም አሉ። ከዝምታው በኋላ ያወጡት ነገር ግን ሌላ ነበር፤ ብስክሌቱ ከርሳቸው በኋላ ለልጃቸው እንዲሆን ስለሚሹ፥ ልጁም አሁን ትከሻቸውን አልፎ ገና እያደገ ስለ ሆነ፥ በርሱ ልክ ሰፋ ተደርጎ ይሠራ እንደ ሆነ ጠየቁ።

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አውልቀው ልጁን ተመለከቱት። «ገና ያልመጣ አካል አልለካም» አሉ። «ከረዘመብዎ ክንድዎን ዘርግተው ይጋልባሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወገብዎ ይከለክልዎታል፥ ብስክሌቱም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልጅዎ በ20 ዓመቱ ይምጣ፤ እኔ ካልኖርሁ ልጄ ይለካዋል።»

የቀረው ቶሎ አለቀ። ቱቦዎቹ በብረት እጅጌ ተጋጥመው በብር ማጣበቂያ እንዲበየዱ ተስማሙ፤ ብሩ ከናሱ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ ቀጭኑን ቱቦ አይጎዳም። ቱቦ ቢጎዳ መጋጠሚያው ተሙቆ ይወጣና ሌላ ይገባበታል። ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም፤ አፅሙ ብቻ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን የካርቦኑ ከአንድ ኪሎ ሊያንስ ይችላል። ወዳጃችን ይህን ከቍም ነገር አልቈጠሩትም፤ እኛም ለሥራ ለሚሄድ ሰው አንድ ኪሎ ምን እንደሚጎዳው አልታየንም። በሚላኖ መንገድ የድንጋይ ንጣፍና የትራም ሐዲድ ስላለ፥ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከነፓራፋንጎው የሚያስገባ ክፍተት እንዲተው ሆነ። የፓራፋንጎው ማሰሪያም አሁኑኑ ይበየዳል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ልጨምር ቢሉ ቀለሙ ይቃጠላልና። የፔዳሉ ዘንግ የሚዞርበት ጥርስ የእንግሊዝ እንዲሆን የመከሩት፥ ኢጣልያዊ ሲሆኑ፥ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው፤ የእንግሊዙ በቀኝ በኩል ወደ ግራ ስለሚጠብቅ በመርገጥ ብዛት አይላላም።

በመጨረሻ የቀለሙ ወረቀት ወጣ። ወዳጃችን የኮፒን ሰማያዊ ቀለም እያዩ ቈይተው ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጡት። ልጁ ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠና ጥቁር አረንጓዴውን በጣቱ ጠቈመ። «ለምን?» ቢሉት፥ «አባባ፥ ቆሻሻ አያሳይም፤ የማጥበው እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌው ሦስቱን ሳንቲ ሜትርና አረንጓዴውን ቀለም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ወዳጃችንም ፈረሙ።