የአርባ ዘመን ጉልበትና የገና ዱላ

«ጉልበት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው ኀይል ነው፤ ሁለተኛው እግር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። ሰው በሃያ ዓመቱ ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም፤ አብረው ይታዘዙታልና። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ልቡ «ሩጥ» ሲለው መገጣጠሚያው «ቆይ» ይለዋል። እኛ ይህን የቃል ምሥጢር የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳ ነው፤ ይኸውም በስማዳ ወረዳ በወገዳ፣ ከልጅነት ባልንጀሮቻችን ጋር በልደት በዓል የገና ዱላ ይዘን በምንሰለፍበት ጊዜ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው፣ «የልጆች አባቶች ሆናችሁ ሳለ ምነው ከልጅ ጋር ትሯሯጣላችሁ?» ይሉናል። የሚጠይቁን በክፋት አይደለም፤ ከፊሎቹ ለክብራችን፣ ከፊሎቹም ለአጥንታችን አስበው ነው። ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለ ሆነ፣ በየቤቱም ዕድሜው አርባን የተሻገረ አባት ስለማይጠፋ፣ ያየነውንና የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ገናን በዓይናቸው ያላዩ የከተማ ልጆች ይኖራሉና አስቀድመን ጨዋታውን እንግለጽ። ዱላው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ተቈርጦ ጫፉ የተቈለመመ ነው። የሚመቱት ድቡልቡል ነገር ሩር ወይም ጥንግ ይባላል፤ ከእንጨት ይጠረባል፣ ወይም ከቆዳ ይሠራል። ተጫዋቾቹ ሚና ለይተው በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ሩሯ ከሜዳው መካከል ትጣልና እያንዳንዱ ወገን ወደ ባላጋራው ዳርቻ ሊያሳልፋት ይታገላል። የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውል በመሆኑ፣ ጊዜው እህል ታጭዶ ሜዳው የሚለቀቅበት ወራት ነው። አባቶቻችን እንደሚተርኩት፣ በቤተ ልሔም መንጋቸውን ሲጠብቁ ያደሩ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ፣ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር ተጫወቱ፤ የእኛም ጨዋታ የዚያ ደስታ መታሰቢያ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ዘንድ ገና ደንብ ወጥቶለት ውድድር ይደረግበታል። በገጠሩ ግን ዛሬም ደንቡ ልማድ፣ ዳኛው ሽማግሌ ነው።

ቤተ ልሔም ስንል በአገራችን ክፍል የሚኖር ሰው ሁለት ስፍራ ያስባል። ከስማዳ በስተ ሰሜን በሚገኘው በጋይንት ምድር የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም አለች፤ በዚያው በጋይንት የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አባም አለች። እኛም በልጅነታችን እነዚህን ስሞች እየሰማን ፊደል ቈጠርን፣ ዳዊት ደገምን፣ ዲቁና ተቀበልን፤ በኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገባን። በገና ሜዳ አብረውን የሚሰለፉትም በዚያ ዘመን ከእኛ ጋር አንድ ቈሎ የቈረጠሙ ናቸው። ዐሥራ አንድ ነበርን። አንዱ ዛሬ ቄስ ነው፤ አንዱ የእህል ወፍጮ አለው፤ አንዱ በጤና ጣቢያ ነርስ ነው፤ ሁለቱ ገበሬዎች ናቸው፤ አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በባሕር ማዶ ይኖራል፤ ሦስቱን ሞት ወሰደብን። እኛ ደግሞ በመምህርነት እንኖራለን።

አሁን ወደ ጉልበት ነገር እንመለስ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሁላችንም የሃያ ዓመት ጐረምሶች ነን። ከዚያ በኋላ ባለ ወፍጮው ወገቡን ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ገበሬዎቹ ከሁላችን ይሻላሉ፣ ማረሻ ዓመቱን ሙሉ አሠልጥኗቸዋልና። ቄሱ ስለ ክህነቱ ክብር ዱላ አይዝም፤ ዳኛ ሆኖ ይቆማል፤ ሩሯ ስትበር ግን እግሩ ዳኝነቱን እየረሳ አብሯት ይሮጣል። ነርሱ ባልንጀራችን ስለዚህ ድካም የነገረንን ማወቅ ለሁሉ ይጠቅማል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሰው ጡንቻ በየዐሥር ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሥራ የሚያገኝ ጡንቻ ግን ቅነሳው ይዘገይለታል። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ በአንድ ቀን እንደ ሚዳቋ ልዝለል የሚል ሰው ደግሞ የተረከዙን ጅማት ሊበጥስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንትም ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያበረታ ሥራ ያስፈልገዋል ይላል። ስለዚህ እኛ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ማታ ማታ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያው ዳር ፈጥነን መመላለስን ልማድ አደረግን፤ በሜዳም ሳንሮጥ በፊት ጥቂት ሰውነታችንን እናሟሙቃለን። ልጆቹ ይስቁብናል፤ ይሳቁ፤ ነገ የእነርሱ ተራ ነው።

ይሁን እንጂ ሰው ለጤናው ብቻ ቢሆን ብቻውን ቢሄድስ ይበቃው አልነበረምን? ባልንጀራ የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው። እኛ በከተማው «መምህር» እንባላለን፤ የሚያገኘን ሁሉ ቆብ ያነሣልናል። በገና ሜዳ ግን ስማችን «ፌንጣ» ነው፤ በዐሥር ዓመታችን አጥር መዝለል እንወድ ስለ ነበር ያወጡልን ስም ነው። ዛሬ ፌንጣው አጥር ቀርቶ ቦይ ለመሻገር ያመነታል፤ ስሙ ግን አልሞተም። በገና ዕለት ጌታ ቢነካ አይቈጣም የሚለው የቈየ ልማድም ጥበብ ያለበት ነው። አንድ ጊዜ ከተማሪዎቻችን አንዱ ሩሯን ከእግራችን ሥር ነጥቆ ሲያልፍ በትከሻው ገፋንና ወደቅን። ልጁ ደንግጦ፣ «ይቅርታ መምህር!» ብሎ ሊያነሣን ቆመ። ባለ ወፍጮው ከወዲያ ማዶ፣ «እለፍ አንተ! ዛሬ መምህር የለም፣ ፌንጣ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ልጁም አለፈ፤ አገባም። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ያ ልጅ ከወትሮው ይልቅ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ መከባበራችንም ከዚያ በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሰው ማዕርጉን አውልቆ ሊቀመጥ የሚችልበት ስፍራ ከሌለው፣ ማዕርጉ ከቆዳው ጋር ይጣበቅበታል።

ይህ ነገር የገጠር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖረው ባልንጀራችን፣ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር «መንገድ ለሰው» የተባለው ልማድ ተጀምሮ በተመረጡ እሑዶች አውራ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ሲለቀቁ፣ ከቀድሞ የኮሌጅ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሮለር እስኬት የሚባለውን፣ ከሥሩ ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበትን ጫማ ማድረግ ጀመረ። ያን ጊዜ አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በስልክ ሲነግረን፣ «አንተ በሁለት እግርህ በቅጡ ያልቆምህ፣ በስምንት ጎማ ልትቆም?» ብለን ሳቅንበት። እርሱም፣ «እናንተስ በዚያ ጠማማ እንጨት ትጋጩ የለምን?» ብሎ መለሰልን።

እውነትም ሁለቱ ጨዋታዎች ሩቅ ለሩቅ አይደሉም። በ18ኛው መቶ ዓመት በሎንዶን ይኖር የነበረ ዮሴፍ መርሊን የተባለ መሣሪያ ሠሪ፣ ባለ ጎማ ጫማ አድርጎ ቫዮሊን እየመታ በግብዣ አዳራሽ ሲንሸራተት ከታላቅ መስተዋት ጋር ተጋጭቶ ቈሰለ እየተባለ ይተረካል። የዛሬውን ዐይነት ጫማ በዓለም ያስፋፉት ግን በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካ በሚኒሶታ የነበሩ ኦልሰን የተባሉ ወንድማማች ናቸው፤ እነርሱም በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱ ስለ ነበሩ በረዶ በሌለበት በበጋ ለመለማመድ ብለው ያዙት። ሆኪ ደግሞ ጫፉ በታጠፈ ዱላ የሚመታ ጨዋታ ነውና የገና ዘመድ ነው። እንግዲህ እርሱ በአስፋልት፣ እኛ በገለባ ሜዳ ላይ ብንሆንም፣ የምንፈልገው አንድ ነገር መሆኑን ተረዳን፤ ይኸውም ስንወድቅ አይቶ የሚስቅ፣ ስቆም የሚያነሣ ሰው ነው።

ያገራችን ክፍል ያለፈባቸው ዓመታት ይህን ነገር ከጨዋታ በላይ አድርገውብናል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት እስከ ጎረቤታችን እስከ ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልላችን ወደ ሌላ ግጭት ገባ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የ2016 ዓ.ም. የልደት በዓል፣ ዘመነ ዮሐንስ ነበረና፣ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሥር ሳለን ዋለ። ማሕሌቱ ተቆመ፤ ቅዳሴው ተቀደሰ፤ እኛ ግን ዱላ ይዘን ሜዳ አልወጣንም፤ ሰዎች ተሰብስበው በትር ሲያነሡ ሌላ ነገር የሚመስልበት ጊዜ ነበርና። ከቅዳሴ በኋላ በየቤታችን ተቀመጥን፤ ዱላዎቻችንም ከጣራ ሥር እንደ ተሰኩ ቀሩ።

በኋላ እንደ ገና ለመሰብሰብ በበቃን ጊዜ፣ ከሞቱት ባልንጀሮቻችን የአንዱ ልጅ፣ ዕድሜው ከዐሥር ዓመት የማያልፍ፣ የአባቱን የገና ዱላ ይዞ መጣ። ዱላውን ግን የተቈለመመውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ እንደ ከዘራ ይዞት ነበር። አባቱ ሲሞት ሕፃን ነበር፤ ከዚያም ወዲያ ሜዳው ዝም ባለባቸው ዓመታት የሚያሳየው አላገኘም። ባለ ወፍጮው አጠገቡ ተንበርክኮ ዱላውን ገለበጠለት። ልጁም፣ «አባቴ እንዴት ነበር የሚመታ?» ብሎ ጠየቀ።

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረን በዚያ ሜዳ የቆምን ስድስት ሰዎች ብቻ ነበርን። እናቱ ሟቹን ያወቀችው ጐልማሳ ሆኖ ነው፤ ፎቶግራፉም በመታወቂያ ላይ ያለው ብቻ ነው። እኛ ግን ግራ እግሩን አስቀድሞ፣ ዝቅ ብሎ፣ ዱላውን ከትከሻው ሳያሳልፍ እንዴት እንደሚመታ እናውቅ ነበር። ከገበሬዎቹ አንዱ ያንኑ አመታት አሳየው፤ ልጁም ሞከረ፤ ሳተ፤ እንደ ገና ሞከረ፤ ሩሯም ሄደች። ቄሱ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሶ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። በዚያች ሰዓት «ምነው ከልጅ ጋር ትሯሯጣላችሁ?» ለሚሉን መልሱን አገኘን። የሰው ልጅነቱ ተጽፎ የሚቀመጠው በባልንጀሮቹ ሰውነት ነው፤ እነርሱ ካልተንቀሳቀሱ አይነበብም።

ስለ ክብር የሚጨነቁልንንም እንዲህ እንላቸዋለን። በደብረ ታቦር በየዓመቱ ጥር 25 ቀን በቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ጉግስ ሲጋለብ የሚመለከት፣ ወይም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር የሚያይ ሰው፣ ሽበት ከኮርቻ እንደማያወርድ ይረዳል። ቤተ ክርስቲያናችንም ለሽማግሌ አካል ንቅናቄን አልከለከለችበትም፤ የሰማንያ ዓመት መሪጌታ መቋሚያውን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ያሸበሽባል፤ ንጉሥ ዳዊትም በታቦቱ ፊት በዘለለ ጊዜ የናቀችው ሚስቱ ነበረች እንጂ ፈጣሪው አልናቀውም። ነውር የሚሆነው ጨዋታው ሳይሆን ጨዋታውን የሚያበላሸው ነገር ነው። ስለዚህ እኛ ጠጥቶ የመጣን ሰው አናሰልፍም፤ ዱላውን ከወገብ በላይ ያነሣ ከሜዳ ይወጣል፤ የከረመ ቂም ያለባቸው ሁለት ሰዎች ካሉም ቄሱ ሳያስታርቃቸው ሚና አይለይም።

እንግዲህ በየቤታችሁ ያላችሁ ጐልማሶች፣ የልጅነት ጨዋታችሁ ገናም ይሁን፣ ገበጣም ይሁን፣ ወይም ባለ ጎማ ጫማ፣ አብረዋችሁ ያደጉትን ሰዎች ፈልጉና አንድ ቀን ቀጠሮ ያዙ። እናቶችም ባሎቻችሁ ሲያነክሱ ቢመጡ ውኃ አሙቁላቸው እንጂ አትቈጡአቸው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ከዳር ሆነው ይመልከቱ፤ የሚማሩት ከብልኀታችሁ ብቻ ሳይሆን ከአወዳደቃችሁም ጭምር ነው። ባለፈው በዓል ከሜዳ ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ጉልበታችንን ይዘን ስንሄድ አይተው፣ «ምነው ልጆቼ፣ አረጃችሁ እንዴ?» ቢሉን፣ ባለ ወፍጮው ሳይዘገይ፣ «ገና ነን፣ አባባ!» ብሎ መለሰላቸው። እግዚአብሔር ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።